የጭድ ስኳር

ገምጋሚዎቹ ፊታቸውን ቋጥረው ነው የገቡት። ሰብሳቢው አቶ ጌጡ ገና ሳይቀመጡ፣ «ጭድ ስኳር ሆነ፣ ስኳሩ ደግሞ ነዳጅ ይሆናል ነው የምትይው? እኔ በምላሴ ካልቀመስኩ አላምንም!» አሉ። እሳቸው ካላመኑ ፕሮጀክቱ ዛሬውኑ ይዘጋል።

ተመራማሪዋ ግን አልደነገጠችም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጤፍ ጭድ ስትቀቅል፣ ኢንዛይም ስትጨምርበት ኖራ፣ ኢንዛይሙ ጭዱን ሰባብሮ ያወጣላት ጣፋጭ ፈሳሽ በጠርሙስ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ያላት እሱ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» አለች፣ ልባቸው ትንሽ እንዲለዝብላት።

የመሥሪያ ቤቱ ሻይ አፍይ እትዬ አመለወርቅ ቀዳችላቸው። ሻዩ ለጉድ ይጣፍጥ ነበር! ስኳር ከከተማው ከጠፋ ወዲህ ሰው መራራውን መጠጣት ለምዶ ስለነበር፣ አቶ ጌጡ አንዱን ጨልጠው ሁለተኛ አስቀዱ። ግንባራቸው ተፈታ። እሷም የእሳቸውን ፊት አይታ ደስ ስላላት ሁለት ብርጭቆ ጠጣች።

ከዚያ ጠርሙሱን ልታመጣ ሄደች። ፍሪጁ ውስጥ የለም። ታጥቦ ማጠቢያው ዳር ተዘቅዝቋል።

እትዬ አመለወርቅ ከኋላዋ መጥታ በጆሮዋ፣ «ዶክተርዬ፣ ስኳር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እንግዳ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ያንን ሽሮፕሽን ጨመርኩበት» አለቻት።

ከአዳራሹ የአቶ ጌጡ ድምፅ ተሰማ።

«ዶክተር፣ የታለ ታዲያ? ካልቀመስኩ አላምንም ብያለሁ! እትዬ አመለ፣ እስከዚያው ይቺን ድገሚኝ።»