ወደ ላይ የዞረ ጥለት

በዚያ ዓመት ብቻ የደሴዋ አጸደ ቤት ሰባት ስም ደረሰው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ በዓለም ላይ በሽብር ጥቃት የተገደለ ሰው ሁሉ ስሙ በዕጣ ለአንድ ሩቅ አገር ቤት ይላካል፤ ዕጣው የወጣለት ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጥና ፎቶውን ለሟች ቤተሰብ ይልካል። አጸደ አንድም ቀን ለይስሙላ ተቀምጣ አታውቅም። ነጠላዋን በሐዘንተኛ ወግ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ስትለብስ ስለከረመች፣ ጥለቱ አገጯ ሥር ተበልቶ አልቋል።

ነሐሴ ላይ ግን መናኸሪያው ውስጥ ቦምብ ፈነዳና የገዛ ባሏ ስም ወደ ሩቅ አገር ተላከ።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ልጇ ወለላ ስልክ ይዛ እየሮጠች ገባች።

"እማዬ፣ ለአባዬ የተቀመጠችው ሴትዮ ፎቶ መጣ!"

አንዲት ጠይም ሴት ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ነጠላ ብታጣ የጠረጴዛ ልብስ ለብሳለች፤ የጠረጴዛ ልብሱን ጥልፍ ወደ ላይ አዙራ አገጯ ሥር ጠምጥማዋለች።

"ይኼን ወግ ማን አሳያት?" አለች ወለላ፤ ከሥሩ ያለውንም ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች።

"ማሪታ ነኝ። ጥር ላይ ለወንድሜ ተቀምጠሽለት ነበር። የባልሽ ዕጣ ለሌላ ቤት ወጥቶ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ብዬ ለመንኩ። አለባበሱን ካንቺ ፎቶ ነው ያየሁት።"

አጸደ ዕንባዋን ጠርጋ፣ ስልኩን ይዛ ግቢው ውስጥ ወደተቀመጡት ጎረቤቶቿ ወጣች።

"ኑ እዩልኝ!" አለች ቀና ብላ። "የባሌን ለቅሶ የደረሰች እኅቴ ናት። ጥለቱን እንኳ አልሳተችም!"