የጆዲ ቃታ

ኖሊን ቅናተኛ አይደለችም። እንዲህ የምትለው ራሷ ናት፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃት።

በሸንኮራ እርሻው ዳር ካለው የተኩስ ክለባችን ለአውስትራሊያዋ ክዊንስላንድ ግዛት ቡድን የሚመረጠው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ባሏ ከሞተ፣ እሷም ጡረታ ከወጣች ወዲህ የቀራት ነገር ይኸው ቦታ ነው። ወይን ጠጁን የቡድን ጃኬት ለብሳ፣ ጥፍሯንም በዚያው ቀለም ተቀብታ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች። የጥፍር ቀለሟ ብልቃጥ ከመሣሪያ ሣጥኗ አይጠፋም፤ የሚላላ ብሎን ካየች ጠብ ታደርግበታለች፣ ሲደርቅ ይይዘዋል። ወንዶቹ "የውበት ሳሎኑ ተከፈተ!" እያሉ ይቀልዱባታል።

አምና አሮጌ ሽጉጧ ሰለቻት። ከተማችን ውስጥ ያለው ብቸኛ የመሣሪያ ነጋዴና ጠጋኝ ክላሪ ነው፤ እንዲሸጥላት እሱ ጋ ወስዳ ሰጠችውና የሚያብረቀርቅ የጣልያን ሽጉጥ ገዛች። የእንጨት እጀታውን ብቻ ለማስታወሻ ነቅላ ስታስቀር፣ "ሙሉውን አስቀሪው፣ ይቆጭሻል" ብሏት ነበር። ኖሊን ምክር የምትሰማ ሴት መች ሆነችና!

ከዚያ ጆዲ መጣች።

ጆዲ የሸንኮራ ማጨጃ ነጂ ናት። ሳቂታ ናት፣ ወጣት ናት፣ ይባስ ብሎም ትሑት ናት። ሽጉጧ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ የላስቲክ እጀታ ያለው፣ ግማሹ የክለቡ ሰው የሚይዘው ዓይነት ነው። በወሩ ውድድር ኖሊንን በለጠቻት። በሚቀጥለውም በለጠቻት።

"ምን አባሽ አድርገሽ ነው?" አሏት ወንዶቹ፣ ቋሊማው ሲጠበስ ከበው ቆመው።

"እኔ ምን አደርጋለሁ? ቃታው ነው እንጂ። ቅቤ በሉት! ኖሊን፣ ነይ እስቲ ሞክሪው።"

"የሰው ሽጉጥ ነክቼ አላውቅም" አለች ኖሊን። ቋሊማዋን ሳትበላ ለክለቡ ውሻ ሰጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ክላሪ ሱቁን ሲከፍት በር ላይ ቆማ አገኛት።

"ለጆዲ የሠራህላትን ቃታ ለኔም ሥራልኝ።"

"ለጆዲ ቃታ አልሠራሁም።"

"ክላሪ! እኔን? ስንት ዘመን የምታውቀኝን? ቆንጆ ስለሆነች ነው አይደል?"

"ኧረ በፈጠረሽ! ወገቤን ቀና ማድረግ አቅቶኝ ቆንጆ ልከተል?"

"ታዲያ ምንድን ነው የያዘችው?"

"የደንበኛ ነገር ከዚህ ባንኮኒ አያልፍም። ያንቺም አያልፍም፣ የሷም አያልፍም።"

ይኸው፣ ደብቆላታል! ኖሊን በልቧ ፈረደች።

ክላሪ ተንፍሶ ሦስት ዓይነት ቃታ ከነሞላው ደረደረላት። "ይሄ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን አያዋርድሽም። ይሄኛውም ደህና ነው። ያኛው ሲሳብ ላባ ነው፤ ግን ሞላው ስስ ስለሆነ ጥይቱ ላይ አጥብቆ አይመታም። አንድ ቀን ይከሽፍብሻል።"

"ላባውን።"

"ኖሊን፣ መቅለል ሌላ፣ መለስለስ ሌላ፤ ቃታ የሚለሰልሰው ብዙ ሲሳብ ነው። የጣልያኑን ጊዜ ስጪው።"

"እሱ እስኪለሰልስ እሷ ጃኬቴን ለብሳ ልትሄድ ነው! ላባውን አልኩህ!"

አንገቱን እየነቀነቀ ገጠመላት። ለወራት ምንም አልሆነም። ኖሊን ቃታዋን እየሳቀች ትስባለች፤ ጆዲ ስታልፍም ጮክ ብላ "የኔም እኮ ቅቤ ነው" ትላለች።

የምርጫው ቀን ደረሰ። መጀመሪያ ዳኛው እንደ ደንቡ ባዶውን ሽጉጥ አቁሞ ቃታው ላይ የኪሎ ክብደት ያንጠለጥላል፤ ቃታው ክብደቱን ካልቻለ ሽጉጡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። የኖሊን ለጥቂት አለፈ። የጆዲ ግን ክብደቱን አንጠልጥሎ ንቅንቅ አላለም።

"ያንቺስ ይከብዳል" አላት ዳኛው።

ኖሊን ዳኛውን በቁጣ አየችው። ጆዲ እሱንም በእጇ አስገብታዋለች ማለት ነው፤ ቅቤ የሚባል ቃታ እንዴት ይከብዳል?

የውድድሩ ግማሽ እስኪያልቅ ኖሊን መራች። ወይን ጠጁ ጥፍር ቃታው ላይ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ቃታውን ስትስብ ቀጭ አለና ዝም አለ። ጥይቱ ከሽፏል። ዳኛው እንድትደግም ፈቀደላት። ደገመች። ቀጭ። ሁለተኛ ምሕረት የለም። ከኋላ አንድ ሰው "ወይኔ ኖሊን!" ሲል ተሰማ።

ጆዲ አሸነፈች።

ኖሊን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጃኬቷን አወለቀች። አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እንባዋንም አልደበቀችም። ጆዲ ተከፍቶ ባዶነቱ የተረጋገጠውን ሽጉጧን ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"አዝናለሁ፣ ኖሊን። ባይከሽፍብሽ አንቺ ነበርሽ።"

"ተይው። አሁንማ አሸንፈሻል፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቃታውን ማን ሠራልሽ?"

"እኔ እንጃ። አሮጌ ሆኖ ነው የገዛሁት። ክላሪ ቀለም ቀባው፣ እጀታም ገጠመለት። ቃታውንም አድስልኝ ስለው ግን ተቆጣኝ። 'ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስቦ ያለሰለሰውን ብነካ እጄ ይቆረጥ' አለኝ። እኔም አልነካሁት። ይኸው፣ እይው።"

ኖሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጡን ተቀበለችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

ከቃታው ጀርባ፣ ትንሿ ብሎን ላይ፣ አንዲት ጠብታ ወይን ጠጅ የጥፍር ቀለም ደርቃ ነበር።