ያልተመረጠው ይቆማል

ቡሬ ላይ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ስሜነህ በ1998 ዓ.ም. እቤቱ አንድ ጨዋታ ሠራ። እንደ ድሮዎቹ ጨዋታዎች ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ ተጫዋቹ ማውስ ጠቅ እያደረገ ሰዎቹን ከክፍል ክፍል ያዘዋውራል። ሰዎቹ ሁለት ናቸው፤ እሱ ራሱና ሚስቱ የሻሽወርቅ። አንደኛው ሲመረጥ ሌላው ባለበት ተገትሮ ይቆያል።

በዚያው ሰሞን የሻሽወርቅ ወደ መራዊ የመምህርነት ዝውውር ደረሳት። ስሜነህ "እኔ ሳልፈቅድ የትም አትሄጂም!" አላት። ጠዋት ሻንጣዋን ስታነሣ እሱ ጨዋታውን ይከፍት ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ የራሱን ምስል ጠቅ አደረገ፤ እሷም ባለችበት ቆመች፤ የመራዊው አውቶቡስ ጥሏት አለፈ። ኮምፒውተሩን ሲያጠፋ ሻንጣውን አስቀመጠችና፣ "ምን ሆኜ ነው የቆምሁት?" አለች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ስሜነህ ነገሩ ገብቶት፣ አውቆ ማልዶ ጨዋታው ላይ ተቀመጠ።

በአራተኛው ጠዋት ጨዋታውን ከፍቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ወንበሩ ላይ እሷን አገኛት፤ ሁለቱን ምስሎች እያየች ነበር።

"ሦስት ቀን ደፍ ላይ የተከልኸኝ በዚች ነው?"

"ተነሽ! የተማርሽ ሴት በጨዋታ ታመኻኛለሽ?"

"ጨዋታ ከሆነ ምን አስቆጣህ?" አለችና የራሷን ምስል ጠቅ አደረገች።

ሊነጥቃት የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። እግሩን ቢለው እምቢ፣ ምላሱን ቢለው እምቢ። ከወደ መናኸሪያው የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። የሻሽወርቅ ሻንጣዋን አንሥታ ፊቱ ቆመች።

"እንግዲህ ልሂድ? ትፈቅዳለህ?"

ጠበቀችው። ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተርገበገበም።

"ዝም ካልህማ ፈቅደሃል" አለች። ኮምፒውተሩን እንደበራ ትታ ወጣችና በሩን ከውጭ ቆለፈችው።