የኦገስት ገጽ

ከሊዝበን መጥተን ዩትሬክት ለስድስት ወር የተከራየነው ቤት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ የዘመድ ወዳጅ ልደት የሚጻፍበት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አከራያችን አሮጊቷ ኼርትዬ፣ «እንዳታወርዱብኝ። የተሰረዙት የሞቱት ናቸው» ብለውናል።

ዛሬ ጠዋት የኦገስትን ገጽ ገለጥኩ።

«ሌኦኖር! ሐኪሟ ትወልጃለሽ ባለችሽ ቀን የተወለደ ሰው አለ!» አልኳት እየሳቅኩ።

«ማን ይባላል?» አለች ከወጥ ቤት።

ቀለሙ የቆየ፣ የደበዘዘ ነው። ከስሙ ጎን የተጻፈው የልደት ዓመት ግን ዘንድሮ ነው። ስሙም ትናንት እራት ላይ ለልጃችን ያወጣነው፣ ለማንም ያልነገርነው ስም ነው።

«ማን ነው? ንገረኝ እንጂ፣ አንተ!»

«ኖኤሚያ» አልኩ ሳላስበው።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲዘጋ ሰማሁ። ድምጿ ቀጥኖ መጣ።

«ተሰርዟል?»

ስሙን የሰረዘውን መስመር በአውራ ጣቴ ሸፈንኩ።

«አልተሰረዘም፣ የኔ ፍቅር።»