ባዶው ዲስክ

ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን አዳራሽ የተበላሸ ዕቃ በነፃ ይጠገናል፤ ደንቡ ግን ባለቤቱ ከጠጋኙ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ እንዲሠራ ነው። የሟች ባሌን የሹርድን ላፕቶፕ ይዤ ከጠጋኙ ከጓደኛው ከሃርመን ጎን ተቀመጥኩ። ሹርድ ከጀልባዋ ወድቆ ሐይቁ ውስጥ ሲሰጥም ብቻውን እንደነበር የነገረኝ ሃርመን ነው። አመንኩት። ከዚያ ወዲህ እንደ እህቱ ነው የያዘኝ።

«አሮጌው ዲስክ አብቅቶለታል፣ ሂስከ። ከውስጡ ምንም አይተርፍም» አለኝ። አዲሱን፣ ምንም ያልተጻፈበትን ዲስክ ከነማሸጊያው ሰጠኝ፤ እኔ ቀድጄ አወጣሁት፣ እሱ ገጠመው።

ሲስተሙ እየተጫነ ሳለ ሁለተኛ ብስኩት ላነሳ ስል የብስኩቱን ቆርቆሮ ክድን አደረገው።

«ለአንድ ቡና አንድ ብስኩት! አገር ልታከስሪ ነው እንዴ?»

ሳቅን።

ቋንቋ መረጥን። ሰዓቱን አስተካከልን። አሁን ስም ይጠይቀናል ስንል ራሱ ስም ይዞ መጣ፦ ሹርድ። ከሥሩ የይለፍ ቃሉ ፍንጭ ተጽፏል፦ «ጀልባዋ ላይ አብሮኝ የነበረው ሰው»።

ሃርመን ቆርቆሮውን እንደያዘ ቀረ።

«ብልሽት ነው። አጥፊው።»

እጄን ወደ ፊደል ሰሌዳው ሰደድኩ።

«አጥፊው፣ ሂስከ። በናትሽ።»

«ሃርመን» ብዬ ጻፍኩ።

ተከፈተ።