በለቅሶ ቤት ያልተከፈተው ዘፈን

ዓመት ሙሉ ሳይከፈት የቀረ ማንኛውም ዘፈን፣ ያገናኛቸውን ሰዎች የትውውቅ ትዝታ ይዞ ከሰው ሁሉ ጭንቅላት መጥፋት ከጀመረ ሰነባብቷል። ጊታር ተጫዋቹ ልሳነወርቅና ድምፃዊው ሽብሩ የተዋወቁበትን የባንዳቸውን ብቸኛ ዘፈን በየዓመቱ ቀኑን ጠብቀው ይከፍቱታል። ያኔም ሬዲዮው ንቆ ስላለፈው ሌላ የሚከፍተው የለም። ዘንድሮ ግን ቀኑ የዋለው በሽብሩ ለቅሶ ላይ ነው።

ልሳነወርቅ ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሟች ሚስት ጠጋ አለ።

«አስካለ፣ እስከ ማታ ካልከፈትነው እኮ ይጠፋል።»

«አንተ ልሳኑ፣ በለቅሶ ቤት ዘፈን? ሰው ምን ይለኛል?»

አፈረና ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ጀንበር ስትጠልቅ አስካለ ትክ ብላ አየችው።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ሽብሩን የት ነው የሚያውቁት?»

ልሳነወርቅ ከፊት የተቀመጠውን የሟች ፎቶ አየና ተነሣ።

«ይቅርታ እመቤት፣ ለቅሶ ተሳስቼ ነው መሰለኝ የገባሁት።»