ከግድግዳው ወዲያና ወዲህ

ሉሴአኔ መኝታ ቤቷ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ኬብሉ በበሩ ሥር ሾልኮ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቷል። በቶንጋ እህትና ወንድም አንድ ክፍል ተቀምጠው ፊልም ማየት ነውር ነው፤ ስለዚህ ባሕር ማዶ ኦክላንድ የተቀበረችውን እናታቸውን ወንድሟ ፊኔአሲ ከሳሎን፣ እሷ ከመኝታ ቤት ሆነው በተላከላቸው ቪዲዮ ይሸኟት ነበር።

"አንተ፣ ሳጥኑ እንኳ ሳይወርድ ማልቀስ ጀመርክ?" አለችው ሳሎን ያለችው አክስታቸው።

"ላብ ነው፣ አክስቴ።"

"በል እሺ፣ ላብህን ጥረግ።"

ሳጥኑ መውረድ ሲጀምር ሉሴአኔ ክው አለች። ከዚህ ቪዲዮ ቀጥሎ በራሱ የሚከፈተው ትናንት ጀምራ የተወችው የፍቅር ፊልም ነበር፤ ያቆመችውም ወንዱ ሴቲቱን ሊስም ሲል ነው። አሁኑኑ ብታጠፋው ከነውሩ ትድናለች። ግን አፈሩ ገና አልተመለሰም፤ ወንድሟ እናቱን የሚሰናበተው ደግሞ በዚችው ቪዲዮ ብቻ ነው። ጣቷን ማቆሚያው ላይ አድርጋ ጠበቀች። የመጨረሻው አካፋ አፈር ሲወድቅ ተጫነችው። አሮጌው ላፕቶፕ አልታዘዝ አላት፤ የወንዱ እጅ የሴቲቱን አንገት ሲያቅፍ ታየ።

ከሳሎን ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ።

"እህት ዓለም፣" አለ ፊኔአሲ ከግድግዳው ወዲያ፣ "መብራት ጠፋ።"

ሉሴአኔ ቀና አለች። ማራገቢያው ጣሪያው ላይ ይሽከረከር ነበር።

"እዚህም ጠፍቷል፣" አለች።